በአሮጌው ትራክ ፋንታ

ይመኙሻል አዲስ አበባ ሳለች ዘጠኝ ዓመት የተሽከርካሪ ምርመራ መሐንዲስ ነበረች። ቶሮንቶ ከገባች በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኢቶቢኮ ውስጥ አንድ መጋዘን ቆማ ሻምፑ በካርቶን ስታሽግ ኖረች። ወደ ካናዳ ለመግባት ነጥብ ያስገኘላት ዲግሪዋ ነው፤ ከገባች ወዲህ ግን ስለ ዲግሪዋ የጠየቃት ሰው የለም። የመሐንዲስነት ፈቃድ ለማውጣት ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚሁ አገር በሙያዋ መሥራቷን የሚመሰክር ደብዳቤም ማቅረብ አለባት። ፈቃድ ከሌላት ደግሞ በሙያዋ የሚቀጥራት አልተገኘም። ነገሩ እንዲህ ሲሽከረከር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላት።

ከመጋዘኑ ያወጣት ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በሱዳን በኩል መጥቶ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ትራክ ነድቶ፣ በመጨረሻ ከወደቡና ከባቡር ያርዱ ኮንቴይነር እያነሳ ለየመጋዘኑ የሚያደርስ የራሱን ድርጅት ያቆመ ሰው ነው። ቢሮው ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። እጁ አይሰስትም፤ ሐዘን ቤት ቢሆን ሠርግ ቤት ቢሆን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ስለ ይመኙሻል ከሰው ሰምቶ ጠራትና ስልክ መቀበልና ሰነድ ማዘጋጀት ሰጣት። የመጀመሪያ ቀን አንቱ ስትለው ከት ብሎ ሳቀ።

«እዚህ አገር አንቱ የለም፤ ጥጋቡ በይኝ» አላት።

በፈረንጆቹ 2011፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ ጥጋቡ አንድ ወፍራም ሰነድ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ወደብና የኮንቴይነር ያርድ የሚመላለሱ አሮጌ ትራኮች የሚያወጡትን ጭስ ለመቀነስ መንግሥት ገንዘብ መድቧል። አሮጌውን ላስወገደ፣ የአዲሱን ዋጋ አብዛኛውን መንግሥት ይሸፍንለታል።

«ይሄ ያንቺ ሥራ ነው። አፕላይ እናድርግ» አላት።

ከድርጅቱ ሥር አምስት ሹፌሮች በየራሳቸው አሮጌ ትራክ ይሠሩ ነበር። ይመኙሻል ሦስት ሳምንት ከሰነዱ ጋር ከረመች። የእያንዳንዱን ትራክ ዕድሜ፣ በቀን የሚሄደውን ኪሎ ሜትር፣ ያርዱ በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ተሰልፎ የሚቆምበትን ሰዓት መዘገበች። ከዚያ በዓመት ስንት ኪሎ ጥቀርሻ እንደሚተፋ አሰላች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ስሌት በእጇ ገብቶ አያውቅም። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካለው አፓርትመንቷ፣ ከዐሥራ ሦስተኛው ፎቅ፣ ሀይዌዩ ከሩቅ ይታያል፤ መስኮቱን በጨርቅ ስትወለውል ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የምትሠራው ነገር ውሸት አልመሰላትም። ውሸትም አልነበረም።

ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ያዛት። የአዲሶቹ ተሽከርካሪዎች ባለቤት አመልካቹ ድርጅት ይሆናል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወደ ጥጋቡ ክፍል ይዛው ገባች።

«ይሄ እንዴት ነው? አሮጌዎቹ እኮ የሹፌሮቹ ናቸው።»

«እሱ ለወረቀት ነው» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል። «መንግሥት ከአንድ አንድ ሹፌር ጋር አይነጋገርም። መኪናው ይምጣና ለየባለቤቱ አዞራለሁ።» ከዚያ ቀና አለ። «ይመኙሻል፣ እኔ የሰው ላብ የምበላ ሰው እመስልሻለሁ?»

በመጠየቋ አፈረች። ከሻምፑ ካርቶን መሀል ያወጣት ሰው ነው። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ማመልከቻው በሁለት ወር ውስጥ ተቀባይነት አገኘ። ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሮቹ ያንኑ ሰነድ ፈርመው ለመጨረስ ቢሮ ተሰበሰቡ። በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ክፍሌ ነበሩ፤ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በጉብዝናቸው ዘመን በአሰብ መስመር ተሳቢ ነድተዋል። እዚህ መጥተው ስምንት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ካጠራቀሙ በኋላ ነው ያንን የ1993 ሞዴል ትራክ የገዙት። ሞተሩን ሁለት ጊዜ በገዛ እጃቸው አውርደው ሠርተውታል። የዛን ዕለት ልጃቸው ማያ አብራቸው መጥታለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አማርኛ የምትሰማ ግን በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት።

ጥጋቡ ዶናት አቅርቦ ጥግ ቆመ። ይመኙሻል ቆማ አስረዳች። አዲሱ ሞተር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚቆጥብ፣ ጋራዥ መመላለስ እንዴት እንደሚቀር፣ ያርዱ ለአሮጌ ትራክ በሩን መዝጋቱ እንደማይቀር ነገረቻቸው። ሹፌሮቹ ደስ ብሏቸው አዳመጡ። እሸቱ የሚባለው ወጣት ሹፌር፣ «አሁን ገና ሰው የሚነዳው መኪና ልንነዳ ነው!» ብሎ አሳቃቸው።

ጋሽ ክፍሌ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና እጃቸውን አወጡ።

«የእኔ ጥያቄ አንዲት ናት። አዲሱ መኪና ሲመጣ ሊብሬው በማን ስም ነው?»

ሁሉም ወደ ይመኙሻል ዞሩ። ወደ ጥጋቡ አልዞሩም። ጥጋቡ ነጋዴ ነው፤ እሷ ግን የተማረች ናት፣ ወረቀቱንም ያነበበችው እሷ ናት። ይመኙሻል ጥጋቡን በዐይኗ ፈለገችው፤ እሱ ዶናቱን በናፕኪን እየጠቀለለ ራሱን በአዎንታ ነቅነቅ አደረገላት።

«በእርስዎ ስም ነው፣ ጋሼ» አለች።

ማያ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ፣ «ዳድ፣ ካን አይ ሪድ ኢት ፈርስት?» አለች፤ ከመፈረማቸው በፊት ልታነበው ነው።

«ምን ታነቢዋለሽ? ይመኙሻል አንብባዋለች» አሉና ብዕሩን ተቀበሉ።

አሮጌዎቹ ትራኮች የተወገዱት በሰኔ መጨረሻ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ትራኩ ተመልሶ መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሞተሩ ብሎክ መበሳት፣ ሻንሲው ለሁለት መቆረጥ አለበት። ይመኙሻል ደግሞ ይህን ሁሉ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ፎቶ አንስታ መላክ አለባት። ሌሎቹ ሹፌሮች ቁልፋቸውን ሰጥተው ሄዱ። ጋሽ ክፍሌ ግን ራሴ ካልነዳሁት ብለው እስከ ቁርጥራጭ ብረት ግቢው ድረስ ይዘውት መጡ።

አቁመው ሲወርዱ ሠራተኞቹ የሞተሩን ዘይት በበርሜል መቅዳት ጀመሩ። ዘይቱ ገና ወርቅማ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«ምነው ጋሼ፣ እንደሚጣል እያወቁ?»

«ጊዜው ደርሶ ነበራ።»

መሰርሰሪያው ብረቱን ሲነካ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ይመኙሻል ካሜራዋን ይዛ ተጠጋች። ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ሲከፈት አንድ፣ ሻንሲው በኦክስጅን ነበልባል ሲቆረጥ ሁለት፣ ቁጥሩን አጉልታ ሦስት ፎቶ አነሳች። ዘወር ስትል ጋሽ ክፍሌ ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል። ልታጽናናቸው ፈልጋ፣ ትራኩ በዓመት ምን ያህል ጥቀርሻ ይተፋ እንደነበር በቁጥር ነገረቻቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ቆባቸውን መልሰው ደፉ።

አዲሶቹ ትራኮች በነሐሴ መጡ፤ አምስቱም ነጭ፣ በራቸው ላይ የጥጋቡ ድርጅት ስም የተጻፈባቸው። ሥነ ሥርዓት ተደረገ። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ስለ ልጆቻችን ሳንባ ተናገረ። ፎቶ አንሺው የሚታይ ፊት ሲፈልግ ጋሽ ክፍሌን መረጠ፤ ሽበታቸውና ዕድሜያቸው ለፎቶ ያምራል። ከባለሥልጣኑ ጋር እጅ ለእጅ አጨባብጦ አዲሱ ትራክ ፊት አቆማቸው። እሳቸውም በእምነት ፈገግ አሉ። ይመኙሻል ከጎን ሆና አጨበጨበች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ግን እጇ ሲያጨበጭብ እንኳ ዐይኗ ደጋግሞ ያነበው ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ ጥጋቡ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ክፍሉ አስገባ። የጋሽ ክፍሌ ተራ ሲደርስ በሩ ስላልተዘጋ ይመኙሻል ከጠረጴዛዋ ሆና ሁሉንም ሰማች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«የሊዝ ውል ነው። በየሳምንቱ ከሥራህ ላይ ይቆረጣል።»

«ኪራይ በለኛ።»

«ኪራይ አትበለው፣ ጋሽ ክፍሌ። ኢንሹራንሱ አለ፣ ጥገናው አለ፣ የድርጅቱ ድርሻ አለ። መንግሥት ሁሉንም አልከፈለም እኮ።»

«እሺ። ከፍዬ ከፍዬ መቼ ነው የእኔ የሚሆነው?»

«ለአምስት ዓመት ለሌላ እንዳይዛወር መንግሥት አግዷል። እኔ ምን ላድርግ?»

«ከአምስት ዓመት በኋላስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

«ያኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጥጋቡ።»

ጋሽ ክፍሌ ቀጠሉና፣ «እንግዲያው የእኔን መኪና መልስልኝ» አሉ። ይህን ያሉት እንደማይሆን ጠፍቷቸው አይደለም። ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ወረቀቱን ሳይፈርሙ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። በይመኙሻል በኩል ሲያልፉ እንደ ወትሮው «ደህና ዋይ» አሏት። የቀሩት አራቱ፣ ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ ትራካቸውም ተበስቷል፤ ፈረሙ። ለጋሽ ክፍሌ የመጣውን አዲስ ትራክ ጥጋቡ በዚያው ሳምንት ያፌት ለሚባል አዲስ ሹፌር ሰጠው።

ማያ ረቡዕ መጣች። አባቷ የፈረሙትን ግልባጭ ይዛለች፤ ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ በቢጫ ቀለም አስምራበታለች። ይመኙሻል ፊት ዘረጋችው።

«ዲድ ዩ ኖው?» አለች። ከዚያ ቃላቱ እንዳያመልጧት እየፈራች በአማርኛ ደገመችው። «ታውቂ ነበር?»

«ጥጋቡ አዞራለሁ ብሎኝ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅኩም። አንቺ፣ ይሄን፣ አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ።»

ማያ ዕንባዋን ጠርጋ ወረቀቱን አጥፋ ሄደች።

ይመኙሻል በዚያው ግለት ጥጋቡ ክፍል ገባች። የተዘጋጀችው ለጥል ነበር። እሱ ግን ተቀመጪ አላት፤ ውኃ ቀዳላት።

«ስለ ጋሽ ክፍሌ ልትነግሪኝ ነው። አውቃለሁ፤ እኔንም ያመኛል። ግን ትራኮቹን በእነሱ ስም ባደርግ ነገ ይዘውብኝ ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳሉ። ያኔ ሁላችንም፣ አንቺም ጭምር፣ መንገድ ላይ ነን።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይልቅ ይሄን እይ። መንግሥት ሌላ ዙር ከፍቷል። ከዛሬ ጀምሮ የድርጅቱ የአካባቢ ጥበቃ መሐንዲስ ነሽ። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ፤ የአንድ ዓመት ልምድሽን እሱ ይፈርምልሻል።»

ይመኙሻል ወረቀቱን ተቀበለች። ስሟ ከነሙያዋ ተጽፏል። ካናዳ ከገባች ጀምሮ የለመነችው ነገር ነው። ያንን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ዘጠኝ ቀን ዋለች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሥራዋን በደንብ ሠራች፤ ሁለተኛውን ማመልከቻ ጀመረች፤ ስልክ ስትቀበልም «ኢንጂነሪንግ» እያለች መልስ ሰጠች። ይህን በኋላ ስታስበው ከሁሉ የሚያሳፍራት እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ነበሩ።

በዐሥረኛው ቀን ወደ ፕሮግራሙ ቢሮ ስልክ ደወለች። ያነጋገረቻት ሴት ትሁት ነበረች። አምስቱ ትራኮች በትክክል መወገዳቸውን ከኮምፒውተሯ አየች፤ እንዲያውም ስለ ፎቶዎቹ ጥራት አመሰገነቻት። ይመኙሻል የሹፌሮቹን ነገር ስትነግራት ግን ድምፅዋ ቀዘቀዘ። የእነሱ ሥራ የጭስ መጠን መቀነሱን ማረጋገጥ ነው፤ በድርጅቱና በሹፌሮቹ መካከል ያለ ውል አይመለከታቸውም። ሆኖም ሹፌሮቹ ተታለው ነው የፈረሙት የምትል ከሆነ በጽሑፍ፣ ስሟን ጠቅሳ ማቅረብ ትችላለች።

አቀረበች። አንድ ገጽ ተኩል ነው። የጥጋቡን ቃል ጻፈች፤ የራሷንም አልደበቀችም። «ባለቤትነቱ የድርጅቱ እንደሚሆን አንብቤ እያወቅሁ፣ በስማቸው እንደሚሆን በአማርኛ ነገርኳቸው» ብላ ፈረመች።

በመስከረም ወር ሁለት መርማሪዎች መጡ። እስኪያጣሩ ድረስ አምስቱም ትራኮች እንዳይንቀሳቀሱ አዘዙ። ሹፌሮቹ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጡ። መርማሪዎቹ ሁሉንም ጠየቁ፤ ሹፌሮቹም ጥጋቡ በሚያይበት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ምን እንደፈረሙ እናውቃለን አሉ። ጋሽ ክፍሌን የጠራቸው የለም፤ በመዝገቡ ላይ ከድርጅቱ በፈቃዳቸው የለቀቁ ተብለዋል። ውጤቱ በሁለት መስመር መጣ። ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ ውሏል፤ የጭስ ቅነሳው ከታቀደው በላይ ነው።

ጥጋቡ ያባረራት በዚያኑ ዕለት ነው። አልጮኸባትም።

«ከየት እንዳወጣሁሽ ረሳሽው» ነው ያላት።

ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ እሸቱን ግቢው ውስጥ አገኘችው። ሰላም ልትለው ተጠጋች።

«ሦስት ሳምንት፣ ይመኙሻል!» አላት እሸቱ። «ሚስቴ ወሯ ገብቷል፣ እኔ ቤት ተቀምጬ። በመጀመሪያ አስፈረምሽን፤ ቀጥሎ ደግሞ የፈረምነውን ልታስቀሚን መጣሽ። ምን አድርገንሽ ነው?»

እውነቱን ነው።

ጋሽ ክፍሌ የሚኖሩት ኢስት ዮርክ፣ ፎቅ ላይ ነው። ይመኙሻል እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄደች። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዛለች፤ ምን ይዛ እንደምትሄድ ጨንቋት ነበር። በሩን የከፈተችላት ማያ ናት፤ አይታት ገለል አለች። ጋሽ ክፍሌ ሶፋው ላይ የደንብ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ወደ ሥራ ሊወጡ ነው፤ ድሮ የሠሩበት የመኪና ማቆሚያ መልሶ ቀጥሯቸዋል። እንደ እንግዳ ተነሥተው ተቀበሏት።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ደብዳቤውን፣ መርማሪዎቹን፣ መባረሯን። ስትናገር ድምፅዋ እየፈጠነ ሄደ፤ መባረሯ ጋ ስትደርስ ደግሞ ረጋ አለች፣ የከፈለችው ዋጋ እንዲታይላት ሳትፈልግ አልቀረችም። ጋሽ ክፍሌ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» አሏት።

«መጋዘኑ ተመልሼ ገብቻለሁ።»

«በርቺ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ክፍሌ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ። ወገባቸው እሺ አላላቸውም፤ ማያ መጥታ ተንበርክካ አሰረችላቸው።

«ያን ቅዳሜ» አሉ ቀና ሲሉ፣ «ጥጋቡን አልጠየቅኩም። እሱን አውቀዋለሁ፤ ነጋዴ ነው፣ የሚለውን ይላል። የጠየቅኩት አንቺን ነው። አላውቅም፣ ጋሼ፣ ብትይኝ ይበቃኝ ነበር። አላውቅም ብትይኝ፣ ለዚህች ልጅ እሰጣት ነበር፤ ታነብልኝ ነበር።»

ይመኙሻል አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታው ችግር የለውም» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። እኔ ግን ሌላ ወረቀት መጥቶ ላንቺ ላሳይ ብል እጄ አይታዘዘኝም። እንዲህ ሆኖብኛል፤ ምን ላድርግ?»

ኮታቸውን ለብሰው፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ቀድመዋት ወጡ። ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ማያ ይመኙሻልን እስከ ኤሌቬተሩ ሸኘቻት። ቁልፉን ተጫነችላት፤ ኤሌቬተሩ እስኪመጣም ክንዷን አጣምራ አጠገቧ ቆመች። መጣ። በሩ ሲከፈት ይመኙሻል ልትሰናበታት ዞረች፤ ማያ ግን ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራ ነበር።